ዲሽ ሠሪው የከፈተልን ዌብሳይት

አሥራት ለሰፈራችን ዌብሳይት ልሠራ ነው ያለኝ ቀን የሳቅሁት ሳቅ፣ ካስክ ውስጥ የተቀመጠችውን ደንበኛዬን አስደንብሯታል። ለምን አልስቅ? ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወጣው መንገድ ዳር የቲቲ የሴቶች ፀጉር ቤት እያለ፣ ሰፈራችን ሌላ ምን ዜና ማሰራጫ ይፈልጋል? ማን ታመመች፣ ማን ታጨች፣ የማን ልጅ ዱከም ፋብሪካ ገባ፣ ሁሉም እዚሁ እኔ ጋ ቢጎዲን እየተጠቀለለ ይነገራል። ዳታ አይበላ፣ መብራት ሲጠፋ አይቋረጥ። ይህንኑ ነገርኩት። እሱ ግን ፈገግ ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

አሥራት ዲሽ ሠሪ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስፓነር ከኪሱ የማይለየው፣ ሲያወራችሁ እንኳ ዓይኑ ወደ ጣሪያችሁ የሚሸሽ ሰው ነው። የሰፈሩን ሰው ፊት ለፊት ከሚያውቀው ይልቅ በጣሪያው በኩል የሚያውቀው ይበልጣል። የማን ቆርቆሮ እንደዛገ፣ ማን ያረጀ ጫማውን ጣሪያ ላይ እንደሚጥል ጠይቁት። ዝምተኛ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘ ግን ሞቶ አይለቅም።

ሐሳቡን ያመጣበት ነገር ግን አያስቅም። ሙያውን ያስተማሩት ጋሽ ፍቅረሥላሴ ያረፉ ቀን አሥራት ሱሉልታ አንድ ጣሪያ ላይ ነበር። የቀብሩ ሰዓት በሰፈራችን ቴሌግራም ላይ ተነግሯል። እሱም ከፍቶት ነበር። ግን የእኛን ቴሌግራም አታውቁትም። አንዱ ጽጌረዳ ላይ «መልካም ሰኞ» ጽፎ ይለጥፋል፣ ሌላው ንጹሕ የሸኖ ቅቤ አለኝ ይላል፣ ሁለት ሰዎች በቆሻሻ መጣያ ነገር ይሰዳደባሉ፣ የለቅሶው ነገር ከዚያ ሁሉ በታች ተቀብሮ ቀረ። አሥራት የደረሰው አፈር ከለበሱ በኋላ ነው። ያን ቀን ድንኳን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላኝ። አንድ ነገር ካስቀመጡበት ቦታ ሳይጠፋ የሚገኝበት ሰሌዳ ለሰፈሩ ሳልሠራማ አልቀርም ያለው ያኔ ነው።

ቪዲዮ እያየ፣ እየተሳሳተ፣ እያፈረሰ ሠራው። ለቅሶ ለብቻው፣ የውሃና የመብራት ነገር ለብቻው፣ የጠፋ ዕቃ ለብቻው። ኦሮምኛውን የጻፈችለት ራዲያ ናት፤ ከእኔ ግድግዳ ቀጥሎ የቤት ዕቃ የምትሸጠው። አባቷ ከስልጤ፣ እናቷ ከጅማ፣ እሷ የቡራዩ ልጅ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የምትጨቃጨቅ።

አሥራትን ያስጨነቀው መሥራቱ ሳይሆን ማቆየቱ ነው። ሰበታ ያለ አንድ ጓደኛው ለሰፈሩ እንዲሁ ሠርቶ ነበር። ሰውየው ሌላ ሥራ ያዘና ተወው፤ ብትከፍቱት እስከ ዛሬ ድረስ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ ይላል፤ የቱ ዓመት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያ ሰው ከጣሪያ የወደቀ ቀን አብሮ ይወድቃል ይላል አሥራት። ስለዚህ ዕድራችን የራሱ አድርጎ እንዲይዘው፣ ተራ በተራ የሚጽፉ ሰዎች እንዲመድብ ሊቀመንበራችንን ኦቦ ደቻሳን ለመናቸው።

ኦቦ ደቻሳ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። ጨርሰው ሰሙትና፣ ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርበዋለሁ፣ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ እንይዘዋለን፣ ካልሆነ ግን ትዘጋዋለህ፣ እኔንም አታደርቀኝም አሉት። እሺ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያ ጉባኤ የእሱ የፈተና ቀን ሆነ።

ሰው መቼ ገብቶ! የሚገቡበት እሱ ራሱ፣ ራዲያ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሙድ ልይዝበት እኔ። ሁሉም «ጎሽ፣ በርታ» ይለዋል፤ የሚከፍተው የለም። በየሄደበት ጣሪያ የባለቤቱን ስልክ ተቀብሎ ገጹን ከፍቶ ይሰጣቸዋል፤ ከመሰላሉ ሲወርድ እነሱ ቲክቶክ ላይ ናቸው። ልጁ ከሳ። እኔም መሳቁን ተውኩት፤ ማዘን ጀመርኩ፤ እንዳይታወቅብኝ ግን እየተቆጣሁ ነው።

ጉባኤው ሲቃረብ አንድ ሐሳብ መጣለት። ሰፈራችን ውስጥ የቤት ቁጥር በር ላይ ተመትቶ ይኖራል እንጂ በቁጥር ቤት ያገኘ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ቤት መፈለጊያ ገጽ ልክፈት አለ፤ ለለቅሶ ለሚመጣ እንግዳ፣ ለአምቡላንስ፣ ለዕቃ አድራሽ። ሰው ለባጃጅ ሹፌር ቤቱን በምን ምልክት እንደሚናገር አሥራት ያውቃል፤ ስንት ዘመን እየተደወለለት በዚያው ምልክት ቤት ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። እንደሚባለው አድርጎ፣ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ጻፈው። ምን ያድርግ፣ የዋህ ነው። «ከሁለቴ ከተመረቀው ፎቅ ቀጥሎ።» «ከአትንኩ ሱቅ ወደ ላይ።» «ከቧንቧ ቆላፊው ግቢ ወደ ግራ።»

እኔ የሰማሁት ከደንበኛዬ ነው። ግማሽ ጭንቅላቷን ቀለም ቀብቼ ግማሹ ሲቀረኝ ስልኳን ወደ ዓይኔ አስጠጋችና፣ ቲቲ፣ ሬዲዮ ጣቢያው የሚለው አንቺን ነው እንዴ አለችኝ። አነበብኩት። «ከሬዲዮ ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር።» ደሜ ፈላ። ጓንቴን ሳላወልቅ፣ ቀለሙ እየተንጠባጠበ ወጣሁ። አሥራት የራዲያ ሱቅ ጣሪያ ላይ ነበር። የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። እሱ ከላይ ሆኖ ረጋ ብሎ፣ ስሙን እኔ አላወጣሁልሽም፣ ሰው የሚለውን ነው የጻፍኩት አለኝ። ያ ነው ይበልጥ ያበገነኝ! ራዲያ ደግሞ ከሱቋ ወጥታ ሻሿ እስኪንሸራተት ሳቀች። ዕቃዋን በነካ ሁሉ ላይ «አትንኩ» እያለች ስለምትጮህ አትንኩ ሱቅ የሚባለው የእሷ ነው። አላፈረችም፤ ወዲያው ሠዓሊ ጠርታ በሱቋ በር ላይ አጻፈችው።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ ዌብሳይት ላይ ሰፈረ። ግማሹ ለምን እንዲህ ተባልኩ ብሎ ይቆጣል። ግማሹ ደግሞ ለምን ሳልባል ቀረሁ ብሎ ይቆጣል፤ እኛ ሰፈሩ ውስጥ አንኖርም ወይ፣ ደጃፋችን ምልክት አይሆንም ወይ እያለ። አንዷ ሴትዮ ወደ ቀኝ ያለውን ወደ ግራ ብሎብኛል ብላ ፀጉሯን እስክትጨርስ አንጨረጨረችኝ። ለማረም የገባ ሰው ለቅሶውንም አየ፣ የጠፋ ቁልፍ ያገኘም ለጠፈ። ሰው የራሱ ደጃፍ ካለበት ይገባል፤ ነገሩ ይኸው ነበር። አሥራት ጥርሱ አልከደን አለ። ደስታውን ሳየው ንዴቴ በረደ፤ ጨርሶ ባይጠፋም።

ኦቦ ደቻሳስ? አልኩት አንድ ቀን። ፊቱ ጨው መሰለ።

ነገሩ ይህ ነው። በኦቦ ደቻሳ አጥር ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ቧንቧ አለ። የእኛ ውሃ ሲጠፋ የእሳቸው መስመር አይጠፋም፣ ጎረቤቱም ከዚያ ይቀዳ ነበር። ከዓመታት በፊት ቆለፉበት። ያን ጊዜ የወጣላቸው ስም ከእሳቸው በቀር ሁሉም አፍ ውስጥ አለ። እሳቸው እኮ ኢንተርኔት አይከፍቱም፣ ከየት ይሰማሉ ብሎ አሥራት ራሱን አጽናና።

ጉባኤው እሑድ ሊሆን፣ ቅዳሜ ጠዋት ለኦቦ ደቻሳ ልጅ ለአያንቱ ሽማግሌ ተላከ። ዓርብ ፀጉሯን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ከሱሉልታ እንደሚመጡ አውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ያለ ሥራዬ የእሳቸው ግቢ በሚታይበት በሬ ላይ የቆምኩት። አያንቱ ሊያገባት ለፈለገው ልጅ የቤቱን አቅጣጫ ልካለታለች፤ ከየት? ከአሥራት ገጽ፣ በጥድፊያ ሳታነበው እንዳለ ገልብጣ። ልጁም ለሽማግሌዎቹ አስተላልፏል። ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ስልኩን ከዓይኑ አርቆ እያነበበ ይመራቸዋል። ውሻው ሲጮህ ኦቦ ደቻሳ ራሳቸው በር ከፈቱ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ አካም ጅርቱ ብለው ሰላምታ ሰጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እንዲህም አሉ፤

«የቧንቧ ቆላፊው ግቢ እዚህ ነው?»

የቤቱ መጠሪያ መስሏቸዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኦቦ ደቻሳ ቧንቧውን ዞር ብለው አዩ። ከዚያ፣ አዎ፣ እዚሁ ነው፣ ግቡ አሏቸው።

ለአሥራት የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ማን ይንገረው ታዲያ። መጥቶ ካስኩ ሥር ቁጭ አለና፣ ገጹን አጥፍቼ ሰበታ ገብቼ እኖራለሁ አለ። ራዲያ ተቆጣችው። ብታጠፋው የደበቅኸው ነው የሚመስለው፣ ሄደህ ይቅርታ በላቸው አለችው። ሄደ። በሩ ድረስ ሄዶ እጁን አንስቶ ሳያንኳኳ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል፣ ይመለሳል። በመጨረሻ ነገ በሰው ፊት የሚሉኝን ይበሉኝ ብሎ ተወው። የዌብሳይቱ ነገር አበቃ ብዬ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ፤ ሬዲዮ ጣቢያ ያለኝን ሰው እንዲያ አዝንለታለሁ ብዬ መቼም አላሰብኩም።

እሑድ የዕድሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ለወትሮው ጉባኤ ሲጠራ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። የሽምግልናው ወሬ ሰፈሩን ስላዳረሰ፣ ያን ቀን የቀረ የለም፤ በማን በኩል እንደተዳረሰ አትጠይቁኝ። የአሥራት ጉዳይ መጨረሻ ላይ መጣ። እንዲናገር ሲጠሩት ተነስቶ ቆመ። ኦቦ ደቻሳ በእጃቸው ቁጭ በል አሉትና ራሳቸው ተነሱ።

«ቧንቧዬን የቆለፍኩት በጋሪ ውሃ ሻጮች ምክንያት ነው» አሉ። «በርሜል በርሜል እየሞሉ አላስቆም አላስቀምጥ ስላሉኝ። ጎረቤት ሲመጣ እከፍትለታለሁ ብዬ ቁልፉን ከበሬ ጀርባ ሰቅዬ ጠበቅሁ። የመጣ የለም። እኔ ለሁላችሁም ውሃ የገባላችሁ መስሎኝ ነበር።»

አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ።

«ለካ ስም አውጥታችሁልኛል። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ድንኳን ስንተክል፣ አብረን ስንቀብር፣ አንዳችሁ በሬን አንኳኩቶ ክፈቱልን ቢለኝ እምቢ እል ነበር?»

እውነታቸውን ነው። ይሉኝታ ይዞን፣ ሽማግሌ ሰው ምን ብለን እንናገር እያልን፣ ጀሪካን ተሸክመን እስከ ታች ድረስ ስንኳትን ኖርን፣ በየመንገዱ ደግሞ ስማቸውን እናነሳለን። እኔ ወለሉን ማየት ጀመርኩ። ቀና ስል ሁሉም ወለሉን እያየ ነው።

«በፊቴ የነገረኝ ይህ ልጅ የሠራው ነገር ብቻ ነው» አሉ ኦቦ ደቻሳ። «እኔ ይቀጥል ባይ ነኝ። እናንተስ?»

እጅ ወጣ። የሁሉም እጅ ወጣ፣ ከሁሉም ቀድሞ የእኔ፣ ጥፍሬ ላይ የፀጉር ቀለም ጥቁረት ገና ሳይለቅ። የሚጽፉት ሰዎች ሲመረጡም፣ ለቅሶና ሠርጉን ለቲቲ ስጧት፣ መቼም ቀድማ ነው የምትሰማው አለ አንዱ። ሳቁብኝ። ደስ እያለኝ ተቀበልኩ።

አሥራት ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ተነሳ። አባቴ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የእርስዎን ቤት ምን ብዬ ልጻፈው አላቸው። ሽማግሌው ቆም ብለው አሰቡ።

«ተወው፣ እንዳለ ይቆይ። እኔ ከነገ ጀምሮ ቧንቧውን እከፍታለሁ። ሰው በሌላ ስም ሲጠራኝ በጆሮህ የሰማህ ቀን ያኔ ቀይረው።»

ቧንቧው ተከፈተ። የሚከፈትበት ሰዓት በዌብሳይቱ ላይ ይወጣል፣ የአያንቱ ቀለበትም ታሰረ፤ ሁለቱንም ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አፍ ግን ለምዷል፤ ጀሪካኑን ሞልቶ ሲመለስ እንኳ ከቧንቧ ቆላፊው ቤት ቀዳሁ የሚል አለ። እኔ እየተቆጣሁ ነበር፤ አሥራት ግን ይጠብቃል። ኦቦ ደቻሳም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ ጣሪያ ላይ ቀና ብለው ያዩታል፤ እሱ ገና ነው ለማለት ራሱን ይነቀንቃል፣ እሳቸውም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ባለፈው ማክሰኞ አሥራት የእኔን ዲሽ ሊያዞር ጣሪያዬ ላይ ወጥቶ ነበር። ራዲያ በር ላይ ቆማ ዕቃ ለጫነላት የአይሱዙ ሹፌር በስልክ መንገድ ትነግረዋለች፣ እንደ ልማዷ እየጮኸች። ከሁለቴ ከተመረቀው ፎቅ ወደ ላይ ና፣ ከዚያ ኦቦ ደቻሳ ቤት ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ አለችው።

ከላይ የስፓነሩ ድምፅ ቆመ። «ራዲያ፣ ምን አልሽው?» አለ አሥራት።

እሷ ምን እንዳለች እንኳ ልብ አላለችም። «ኦቦ ደቻሳ ቤት ስትደርስ ወደ ግራ» ብላ ደገመችለት። እዚያው ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለና ስልኩን አወጣ፤ እኛም ሁለታችን ወደ ላይ እያየን ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቅነው።