የሊዲያ ኦፕራሲዮን

ዓርብ ጠዋት፣ ከሎስ አንጀለስ

በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ወደ ኦክላንድ የተነሳሁት በሽተኛ ልጠይቅ ነበር። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ታደሰ ሐሙስ ዕለት ደውለው፣ «ሊዲያ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው። ጉሮሮዋን ነው» አሉኝ።

ሊዲያ ልጃቸው ናት። በመዝሙር ያደገች፣ የኦክላንድ የአማርኛ ጉባኤ የሚሳሳላት ዘማሪ ነበረች። ኮሌጅ ስትገባ አንዲት የሙዚቃ መምህርት ድምጿን ሰማችና ኦፔራ አስጀመረቻት። ጋሼ ደግሞ የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው፤ ለእሳቸው ከመዝሙር ውጭ ያለው ሁሉ ዘፈን ነው፤ ዘፋኝ የሚለው ቃል ደግሞ ከስድብ አይተናነስም። በዚሁ ተኳርፈው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። አሁን ያ ጉሮሮ ቢላ ሊነካው ነው ሲባል ኩርፊያው የት እንደገባ እንጃ።

የአጥሚት ዱቄትና ማር ቋጥሬ ተሳፈርኩ። ተራራውን ወጥተን ስንወርድ ሸለቆው ተዘረጋ፤ ወይን፣ ጥጥ፣ ደግሞ ወይን። መሃል ላይ የታጎሩ ከብቶች ሽታ አውቶቡሱን ሞላው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሜክሲኳዊት ብርቱካን ልጣ ልጣጩን አፍንጫዬ ላይ እንድይዝ በምልክት አሳየችኝ። እግዜር ይስጣት፣ ከዚያ ሽታ በኋላ ሥጋ እርም ሳልል የቀረሁት በእሷ ምክንያት ነው።

ኦክላንድ

ጋሼ በታክሲያቸው ተቀበሉኝ። እህል አልቀመሱም፤ ጉባኤው በሙሉ ለሊዲያ ጉሮሮ ጾም ይዟል። ቴሌግራፍ አቬኑ አጠገብ ካለው አፓርታማዋ ደርሰን በሩን ስናንኳኳ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ከፈተች። አባቷን ስታይ ክው አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አደረጉሽ እንዴ?» አሉ ጋሼ። «ቅዳሜ ነው አላልሽም?»

«ምኑን፣ አባዬ?» አለች በሹክሹክታ።

«ኦፕራሲዮኑን ነዋ!»

ዓይኗን አፈጠጠች። «ኦፔራ እኮ ነው ያልኩት! መሴጅ ተውኩልህ፤ ቅዳሜ ኦፔራ አለኝ፣ ጉሮሮዬን ሬስት ማድረግ ስላለብኝ ኮል አታድርግልኝ፣ ብትመጣ ግን ደስ ይለኛል ብዬ።»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጋሼ አልሳቁም። ጸሎት የተያዘለት ሰው ሲድን በጉባኤው ፊት ይመሰከርለታል፤ ደንቡ ነው።

«ሰው ሁሉ ጾሞልሻል» አሉ። «እሁድ ምስክርነት ይጠብቃሉ። ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን። ሥራዬን ንገራቸው።»

ጋሼ ወደ ታክሲያቸው ወረዱ።

አጥሚቱን አፍልቼላት ተቀመጥን። ቀን ባንክ ቤት እየሠራች ማታ ማታ አምስት ዓመት ሙሉ ከአጃቢ ዘፋኞቹ፣ ከኮረሱ ኋላ እንደቆመች በሹክሹክታ አጫወተችኝ። ጣሊያንኛ ስትጀምር መምህሩ የምታውቀውን ቃል ቢጠይቃት፣ ጎሚስታ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን ብላ ቆጠረችለት። «ጋራዥ ነው እንዴ ያደግሽው?» አላት። ነገ ግን ዋናዋ እሷ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አባዬ ካልሰማኝ ግን፣ አክስቴ፣ ማን ሰማኝ እላለሁ?» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሳን ሆዜ

ጋሼ አዳራሹ በር ላይ አደረሱኝ። «እኔ መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ» ብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ። ክርክር እንደማያዋጣ ስለማውቅ ሊዲያ የሰጠችኝን ትኬታቸውን የመኪናው ወንበር ላይ ትቼላቸው ገባሁ።

ሊዲያ ባሏን ስትጠብቅ ታማ የምትሞት ሴት ሆና ወጣች። ያለ ማይክራፎን ያን ሁሉ አዳራሽ እስከ ጣሪያው ሞላችው። ጣሊያንኛው አልገባኝም፤ እንባዬ ግን መጣ። ኮራሁባት። በዕረፍቱ ወጥቼ ስመለስ ጋሼ ከወንበሬ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«መኪናው ውስጥ በረደኝ» አሉ። የሳን ሆዜ ሙቀት እኔን ሲያልበኝ ነበር የዋለው።

በመጨረሻው ክፍል ሊዲያ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ከዚያ ተጋድማ ዘፈነች። ጋሼ እጄን ጨመቁት። የመጨረሻው ድምፅ ቀጥኖ ቀጥኖ ጠፋ። ማንም ሳያጨበጭብ፣ ጋሼ ብድግ አሉና «አሜን!» አሉ፤ በጉባኤ እንደሚሉት፣ ከሆዳቸው። ፈረንጁ ሁሉ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ አንዱ «ብራቫ!» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። መድረኩ ላይ ሞታ የተጋደመችው ልጃችን ጥርሷ ታየ።

እሁድ ማታ፣ ቤቴ

ሰኞ ሥራ ስለነበረብኝ እሁድ በጠዋት ተሳፍሬ ሲመሽ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ የተኳረፈ ሰው በሽማግሌ ብቻ ሳይሆን በደህና ስህተትም እንደሚታረቅ ነው። ያም ሆኖ ሐሳቤ ጉባኤው ላይ ነበርና ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ መሰከሩ?»

«መሰከርኩ።»

«ምን አሏቸው?»

«አልታመመችም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ዘፋኝ ናት አልኳቸው።»

ዘፋኝ! በእሳቸው አፍ፣ በጉባኤው ፊት! «ሰዉስ ምን አለ?»

«ጸጥ። አንድም አሜን የለም» አሉ። «በኋላ በሩ ላይ አንዲት እናት ጎተቱኝና፣ የሚቀጥለው መቼ ነው አሉኝ። ታክሲዬ የሚይዘው አራት ሰው ነው፤ እስካሁን ስምንት ሰው ጠይቆኛል።»