ራስጌዋ ላይ የተቀበረው ማሰሮ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጎረቤቴ ዋሴ ሞኝ ባይሆንም አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም ነበር። ከሰቆጣ በላይ ባለው እርሻው የእህል ጉድጓድ ሲቆፍር አንገቱ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ አሮጌ ማሰሮ አገኘ። ሚስቱ ይታየሽ «የሙት ዕቃ ይሆናል፤ ጣለው» ብትለው ጭራሽ ባሰበት። «ማን ሠራው?» እያለ አሰለቸን። በመጨረሻ በጋቢው ጠቅልሎ ገበያ ወረደ።

ሸክላ ሠሪዋ እማማ ውዴ ማሰሮውን ስታይ ገበያተኛዋን ትታ ተነሣች።

«ይህ የአያቴ እጅ ነው» አለች። «በክፉ ቀን መንገድ ላይ ሞተች። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ ሲቀብሯት ቦታው እንዳይጠፋት ብላ ማሰሮዋን ራስጌዋ አኖረች። ግን ጠፋት። ፍትሐት እንኳ አላገኘችም። አጽሟን ቤተ ክርስቲያን ሳላሳርፍ ብሞት ምን እላታለሁ? የት አገኘኸው፣ ልጄ?»

ዋሴ ደነገጠ። በዚያ ዘመን «አያቴ እዚህ ነበረች» ያለ ሁሉ ርስት ይሞግት ነበር፤ እርሻውንም ከአጎቱ ልጆች በስንት ክርክር ነው ያተረፋት።

«ከአበርገሌ ነው፣ እማማ። ከነጋዴ ገዝቼው ነው» አለ። ማሰሮውንም ሰጣት።

መርቃው ሄደች። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ ደገኛ ቆላ የማይወርድበት ወቅት። በአበርገሌ ከመንደር መንደር ማሰሮውን እያሳየች ስትጠይቅ ከርማ፣ ወባ ይዟት ተመለሰች። ብዙም አልቆየች። ልጅ አልነበራትም። ስትናዘዝ «ማሰሮውን ለዚያ ደግ ሰው መልሱለት፤ በገንዘቡ የገዛው ነው» አለች።

ማሰሮው ቤቱ ሲመጣ ዋሴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የሠራውን ያኔ ነገረኝ። ተናደድኩበት፤ አዘንኩለትም። ለመሬቱ ፈርቶ ዋሻት እንጂ እሷ ስለ መሬት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

አብረን ቆፈርን። አጽሙ እዚያው ነበር። በነጭ ኩታ ጠቅልለን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው፤ ከውዴ መቃብር አጠገብ ጉድጓድ ተዘጋጀ። ቄስ ገብረ ሊባኖስ መጽሐፋቸውን ገለጡ።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉ።

ዋሴ እኔን አየኝ። እኔም አላውቅም። ስለ ማሰሮው አገሩን ሁሉ ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ የሴትየዋን ስም አልጠየቀም ነበር።

ቄሱ ጠበቁ። ዋሴ የውዴን መቃብር እያየ «እሷ ታውቅ ነበር» አለ።