የሽመላው ቀለበትና የወፎቹ መጽሐፍ

ባለቤቴ ድርቆሽ ነጋዴ ነበር። ከአቃቂ ሜዳ የታጨደ ሳር በአህያ እየጫነ አራዳ ያመጣል፤ በቅሎ የሚያስሩ ቤቶች ሁሉ ያውቁታል። እኔ በልጅነቴ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ አራት ዓመት ፈረንሳይኛ ተምሬአለሁ። ካገባሁ በኋላ ያ ትምህርት የጠቀመኝ ለፈረንጅ ሴቶች ልብስ ስሰፋ ብቻ ነበር፤ እጅጌው ይጠር፣ ወገቡ ይጥበብ ሲሉኝ ለመስማት። ለሌላ ነገር ይሆነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነገሩ የደረሰብን በጥር ወር ነው። ጣልያን ድንበር ላይ ጦር እያከማቸ ነው የሚለው ወሬ ከተማውን ይዞታል። ሰው ሰውን አያምንም። ከፈረንጅ ጋር ቆሞ ያወራ ሰው በማግስቱ «ምን ነገረህ?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔም የሰፋሁትን ልብስ በነጠላ ሸፍኜ በጓሮ መንገድ ማድረስ ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከአቃቂ ሲመለስ በጋቢው ጫፍ የቋጠረውን ነገር ፈትቶ አሳየኝ። ነጭ ቀለበት ነው፤ ሲይዙት ይቀላል። ረግረጉ ዳር ሞቶ ካገኘው ሽመላ እግር ላይ እንዳወለቀው ነገረኝ።

«ብር ከሆነ ላንቺ የጣት ቀለበት አሠራበታለሁ» አለ።

ቀለበቱ ላይ የፈረንጅ ፊደልና ረጅም ቁጥር ተቀርጾበታል። ፊደሉን ሳነበው የከተማ ስም መሰለኝ፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም። «ይቅርብህ፣ ጣለው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳይ ግን ተውኩት። በሠርጋችን ጊዜ ቀለበት ሳያደርግልኝ መቅረቱ ሁልጊዜ ይቆጨው ነበርና ያን ደስታውን ማጥፋት አልፈለግኩም።

በማግስቱ ጠዋት ጊዮርጊስ አጠገብ ወዳለ አንጥረኛ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ እያለከለከች መጣች።

«ኧረ ተነሽ! ባልሽን የአራዳ ዘበኞች ወሰዱት። ከጣልያን በወፍ መልእክት ይቀበላል ብለው ነው!»

ጫማዬን እንዴት እንዳጠለቅሁ አላስታውስም። ከጣቢያው ስደርስ ባለቤቴን አላሳዩኝም። የዘበኞቹ ሹም ፂሙ የሸበተ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ቀለበቱ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አንጥረኛው ቤት የነበረ ሰው ፊደሉን አይቶ ነው ሮጦ ያመለከተው።

«ይህን ቀለበት ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ። ከሞተ ሽመላ እግር ላይ ነው ያገኘው።»

«እሱም እንዲሁ ብሏል። ሽመላው እግር ላይ ማን አሰረው?»

ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዲት መነኩሲት ስለ አገሯ ስትነግረን፣ ሽመላ በቤት ጣሪያ ላይ ጎጆ እንደሚሠራና ብርድ ሲመጣ ወደ ሙቅ አገር እንደሚሄድ ሰምቼ ነበር። ያንን ነገርኩት። ፈረንጆች የወፉን መንገድ ለማወቅ ብለው ያሰሩት ይሆናል አልኩ።

«ወፍ ላይ ቀለበት የሚያስር ሰው አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አለ። «ላይኖር ይችላል፣ ሊኖርም ይችላል። ስምንት ሰዓት ላይ ባልሽን ወደ በላዮቼ እልከዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእኔ እጅ ይወጣል። ማስረጃ ካለሽ ከዚያ በፊት አምጪ።»

አራት ሰዓት አልፎ ነበር። ወደ በላዮቹ የተላከ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ዛሬ ፒያሳ በሚባለው በኩል አንድ ሽማግሌ አርመን መጽሐፍና ወረቀት ይሸጡ ነበር፤ ሰው ሁሉ በፈረንጅ ወግ «ሙሴ» ይላቸዋል። የሚስታቸውን ልብስ የምሰፋ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ልብስ ሳደርስ ባንኮኒያቸው ላይ የወፍ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ተገልጦ ማየቴ ትዝ አለኝ። ሽቅብ ሮጥኩ። ሱቁ ስገባ ትንፋሽ አጥሮኝ መናገር አቃተኝ፤ ሽማግሌው ወንበር ሰጡኝ።

ነገሩን ከሰሙ በኋላ ከጓዳ ሦስት መጽሐፍ አወጡ።

«ለአንድ የውጭ አገር ሐኪም በትእዛዝ የመጡ ናቸው» አሉ። «ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ሰው ልኮ ይወስዳቸዋል። ወፍ ወዳጅ ነው። አንዱ ገና አልደረሰም ልለው እችላለሁ። ሁለት ከጎደለ ግን አያምነኝም። አንዱን ምረጪ፣ ልጄ፣ ግን ቶሎ።»

የመጀመሪያው በጀርመን ቋንቋ ስለተጻፈ ወዲያው ገፋሁት። ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ ሥዕሎቹን ስስ ወረቀት ሸፍኗቸዋል። ሽመላውን አገኘሁት። ቀዩ መንቁር፣ ጥቁሩ የክንፍ ጫፍ፣ ሁሉም በቀለም ተሥሎ ሕይወት ያለው ይመስላል፤ ጣሪያ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ግን ስሙና ቁመቱ ብቻ ነው የተጻፈው።

ሦስተኛው ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ሰው ሜዳ ይዞት እንዲሄድ የተሠራ ነው። ሥዕሎቹ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በአንድ ገጽ አራት አራት እየሆኑ ተደርድረዋል። ሽመላው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ጽሑፉ ግን ብዙ ነው፤ ወፉ ሲቆም ምን እንደሚመስል፣ ሲበር አንገቱን እንዴት እንደሚዘረጋ፣ በየትኛው ወር የት እንደሚገኝ ይናገራል። ቶሎ ቶሎ አነበብኩ። ክረምታቸው ሲገባ አባይን ተከትሎ ወደ አበሻ አገርና ከዚያም ወዲያ ይወርዳል ይላል። ሊቃውንት መንገዱን ለማወቅ እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ያስሩለታል ይላል። «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ።

ቀጣዩ መስመር ግን ለሹሙ መልእክት መላላክ ሊመስለው የሚችል ነበር። ቀለበቱን ያገኘ ሰው፣ ያገኘበትን ቦታና ቀን ጽፎ ቀለበቱ ላይ ወደ ተቀረጸው ከተማ እንዲልክ ይለመናል፣ ይላል።

ሽማግሌው ፊቴን አይተው፣ «ምን ሆንሽ?» አሉ።

አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትልቁን ውሰጂ» አሉ በመጨረሻ። «ሹሙ ፈረንሳይኛ አያነብም። በቀለም የተሣለውን ያያል፣ የፈረንጅ አገር ወፍ መሆኑን ያምናል። ይሄኛው ባልሽን ሊያስገድለው ይችላል።»

«ትልቁ ስለ ቀለበት ምንም አይልም፣ ሙሴ። የታሰረው በወፉ አይደለም፣ በቀለበቱ ነው።»

ሁለቱን መጽሐፎች ጎን ለጎን ገልጬ ቆምኩ። አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እዘጋለሁ። የግድግዳው ሰዓት ይሰማኛል። በመጨረሻ ትንሹን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ያቺን መስመር ዘልዬ ላነብለት በልቤ ወስኜ ነበር።

ሹሙ መጽሐፉን ተቀብሎ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው፤ «ትንሽ ነው» አለ። ከዚያ አንብቢ አለኝ። ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩ፤ ቀለበቱ ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ያቺን መስመር ዘልዬ ጨረስኩ።

«አንቺ ሚስቱ ነሽ» አለ። «የፈለግሽውን ልታነቢ ትችያለሽ።» ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ጸሐፊ አስጠራ።

ጸሐፊው ቀጭን ወጣት ነበር። ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ በልቡ ሲያነብ እኔ ጣቱን እያየሁ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘላለች» አለና አነበበው።

ሹሙ ቀና ብሎ አየኝ።

«ለምን ዘለልሽው?»

ውሸት ፈልጌ አጣሁ። «ፈርቼ ነው፣ ጌታዬ። ይህን ከሰሙ አይለቁትም ብዬ ነው።»

«እንግዲያስ መልእክት ነው።»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ አፌ ቀደመኝ። «ጌታዬ፣ ባለቤቴ ፊደል አልቆጠረም። መልእክት ተቀባይ ቢሆን ኖሮ ቀለበቱን ለላኪው ይመልሰው ነበር እንጂ በጠራራ ፀሐይ አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ አቅልጥልኝ ይለው ነበር?»

ሹሙ መጽሐፉን ዘግቶ፣ «አምጡት» አለ።

ባለቤቴ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ገባ። ጋቢው የለም። እኔን ሲያይ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ወፉን ንገረኝ» አለው ሹሙ። «ምን ይመስል ነበር?» ለጸሐፊው ደግሞ ከመጽሐፉ ጋር እንዲያስተያይ ምልክት ሰጠው።

ባለቤቴ ሰውነቱ ነጭ፣ የክንፉ ዳር ጥቁር፣ መንቁሩ ረጅምና ቀይ ነው አለ። ጸሐፊው በእያንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ።

«እግሩስ?»

«ነጭ።»

ጸሐፊው ቀና አለ። «መጽሐፉ ቀይ ነው የሚለው» አለ ቀስ ብሎ።

ባለቤቴ ግን የተፈጠረውን ነገር ሳያውቅ ወሬውን ቀጠለ።

«ከላይ ሲያዩት ኖራ የተቀባ ይመስላል፣ ጌታዬ። ኩሱ ነው፣ እግሩ ላይ ደርቆ። ቀለበቱን ላወልቅ በሳር ስጠርገው ሥሩ ቀይ ነው። ሜዳ ላይ ያሉትም ሁሉ እንዲያ ናቸው፤ ፀሐይ ሲበረታ እግራቸው ላይ ይኮሳሉ።»

ከበሩ ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ሳያስበው፣ «እውነቱን ነው!» አለ። «እኛም አገር ሽመላ እንዲያ ነው።»

ሹሙ ዞር ብሎ ሲያየው ዘበኛው አፉን ያዘ። ሹሙ ቀለበቱን አንስቶ በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ከዚያ «ፍቱት» አለ።

ባለቤቴ የታሰረበትን ክንዱን እያሻሸ ቆመ። «ከዛሬ ጀምሮ ወፍ ሞቶ ብታገኝ ረግጠኸው እለፍ» አለው ሹሙ። ወደ እኔም ዞረ። «አንቺ ደግሞ፣ መስመር አትዝለይ።» ቀለበቱንም መጽሐፉንም ለበላዮቹ ለማሳየት ብሎ አስቀራቸው።

ቤት ገብተን ውሃ ስሰጠው ጣሳውን እንደያዘ ማልቀስ ጀመረ። እንዲያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበርና አብሬው ቁጭ አልኩ።

መጽሐፉን የመለሱልኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለአርመኑ ሽማግሌ ላስረክብ እየሄድኩ ገልጬ አየሁት። ጣቢያው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ ኖሮ፣ ዘበኞቹ ከየወፉ አጠገብ በእርሳስ በአማርኛ ስም ጽፈውበታል። ቁራ፣ ዋኔ፣ ጭልፊት፣ ግንደ ቆርቁር። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሰርዞ የራሱን አገር ስም ጽፏል። ሽማግሌው ገጾቹን እያገላበጡ ከልባቸው ሳቁ።

«ይህን እንግዲህ ለማን እሸጠዋለሁ? ያንቺ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ባለቤቴ ለብዙ ጊዜ ሊያየው አልፈለገም። አንድ እሑድ ግን ዘበኞቹ የጻፉትን ድምፄን አሰምቼ ሳነብ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ገጹን በጣቱ ነካ አደረገ።

«ይሄን ዋኔ ያለው ማነው?» አለ። «ዋኔ አንገቱ እንዲህ አይደለም። እስቲ ከሥሩ ያለውን ሁሉ አንብቢልኝ።»