ጆያ የገዛችው ሐኪም

ሐኪሙ ዶክተር ዊብራንት ከሆላንድ ድረስ ወደኛ ወደ ተሰሎንቄ የመጣው ዕብራይስጥን ከባለቤቶቹ አፍ ሊሰማ ነበር። ባለቤቶቹ የተባልነው እኛ አይሁዶቹ ነን። ችግሩ እኛ በዕብራይስጥ የምናወራው ከፈጣሪ ጋር ብቻ ነው፤ የምንሰዳደበው አያቶቻችን ከስፔን ሲባረሩ ይዘውት በመጡት ቋንቋ ነው። ይህን ብነግረው አልሰማ አለኝ። ገበያ ወጥቶ ባለ አትክልቷን በዕብራይስጥ፣ "እነሆ፥ አንቺ ሴት፥ ሽንኩርትን እሻለሁና ስጪኝ!" ሲላት፣ ሴትዮዋ የምኩራብ ጸሎት መስሏት አሜን ትላለች። ሽንኩርቱን ግን አትሰጠውም።

የሚኖረው እኔ ቤት፣ ከሽመና ክፍሌ በላይ ነበር። አገሩ ያለ ትልቅ ትምህርት ቤት የዕብራይስጥ መምህርነቱን ይዞ እየጠበቀው ነው፤ በጋ ላይ መርከብ መጥቶ ሊወስደው ነው። ስለዚያ ሥራ ሲያወራ ዓይኑ እንደ ሙሽራ ያበራል።

መርከቡ ሊደርስ ሲል ንዳድ ጣለው። የራሱን መድኃኒት ሁሉ ጠጣና ጭራሽ ባሰበት። ጎረቤቴ ጆያ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ገብታ አየችው።

"በል ሽጥልኝ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሰውየውን ነዋ! ባለቤት የለውም፤ አንተ ነህ ያስጠለልከው።"

እኛ ዘንድ የታመመ ልጅ ለጎረቤት ይሸጣል፤ የገዛችው እናቱ ትሆናለች፤ ስሙም ተለውጦ መርካዶ፣ የተገዛው፣ ይባላል። የሞት መልአክ የድሮውን ስም እየጠራ ሲመጣ ሰው ያጣል። የጆያ ባል ግን "የአሮጊት ወሬ ነው" ብሎ አልሸጥም በማለቱ ሁለት ልጆቿን ቀብራለች። እሱም ሞተ፤ እስካሁን ይቅር አላለችውም።

ረቢው ተጠሩ። "ወገናችን አይደለም እኮ" አሉ። "ደግሞ በዕድሜ ይበልጥሻል። እንዴት አድርገሽ ነው እናቱ የምትሆኚው?"

"ረቢ፣ መልአኩ ሃይማኖትና ዕድሜ ይጠይቃል?"

ጢማቸውን አሻሹ። "አይጠይቅም።"

"እንግዲያው ዞር ይበሉልኝ!"

በመስኮት በኩል በአንዲት ሳንቲም ሸጥኩላት። ሐኪሙ ላብ እያጠመቀው "እኔ የተማርኩ..." ሲል "ዝም በል፣ መርካዶ" አለችው። በሳምንቱ ንዳዱ ለቀቀው። እሱ ጊዜውን ጠብቆ የሚለቅ በሽታ መሆኑን ሲያስረዳ፣ እሷ ካልሲ ታለብሰው ነበር።

መርከቡ መጣ። ካፒቴኑ ወደብ ላይ ቆሞ ተሳፋሪዎቹን በስም ይጠራል፤ አለሁ ያለ ይገባል።

"ዶክተር ዊብራንት!"

"እንዲህ የሚባል ሰው የለም!" ብላ ጆያ ጮኸች። "ሞቷል!"

"ይሄ ሳጥን የያዘውስ?"

"ይሄ ልጄ ነው!"

ወደብ ላይ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ሐኪሙ ቀልቶ ወደ እኔ ዞረ። "ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ አለሁ ብል ምን እሆናለሁ?"

"ምንም አትሆንም" አልኩት። "እሷን ግን እያት።"

አያት። ጆያ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ከካፒቴኑ ጀርባ ታፈጥ ነበር፤ መልአኩ እዚያ የቆመ ያህል። ካፒቴኑ ደግሞ ጠራ፤ አሁንም ጠራ። መርካዶ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። መርከቡ መምህርነቱን ይዞበት ሄደ፤ እኔ በንዴት አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ከተማውን ሲያክም አረጀ። በመርከቡ ነገር በየቀኑ ይነዘንዛታል፤ እሷም በእርጥብ ልብስ ጀርባውን ትለዋለች። በመጨረሻ ጆያ ራሷ ታማ ወደቀች። መረመራትና ወደ እኔ ወረደ።

"መድኃኒት የለኝም" አለኝ። "እሷን ሽጥልኝ።" በነቢያት ቋንቋ ሳይሆን በኛው በገበያው ነበር ያለኝ።

በዚያው መስኮት ሸጥኩለት። ሾርባ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። "ጠጪ፣ ልጄ። ስምሽ መርካዳ ነው።"

ዓይኗን ገለጠች። "ስንት ከፈልክ?"

"አንድ ሳንቲም።"

"ተታለሃል፣ አንተ ሞኝ" አለችው። ሾርባውን ግን ጠጣችለት።

ሌሊቱን አረፈች፤ በማግስቱ ቀባሪዎቹ መጡ። "የጆያ ቤት ይሄ ነው?" አሉ።

መርካዶ በሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። "እንዲህ የምትባል ሰው እዚህ የለችም" አላቸው። ብለምነው፣ ብጎትተው፣ ከበሩ አልነሳም አለ።