ለቅዳሜ ያቆየሁት መርዶ

አውቶቡስ ውስጥ በበረዶ የራሰ የሱፍ ካፖርት ሲሸተኝ፣ ዛሬም ሐሳቤ የምኖርባትን የካናዳ ከተማ ካልጋሪን ትቶ አንድም ቀን ወዳልረገጥኳት የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ይሄዳል።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ኦግደን በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት እንከባከብ ነበር። እግራቸው ከወንበር አላስነሳ ብሏል፤ አንደበታቸው ግን መንገደኛ ነበር። በደጅ የሚያልፉ ባቡሮች ኳኳታ መስኮቱን እያንቀጠቀጠው፣ ሻያችንን ይዘን የትውልድ ከተማቸውን በወሬ እንዞራለን። ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ በድንጋዩ ድልድይ እንሻገራለን። ዳገቱን ስንጨርስ አደባባዩ፣ በድንጋይ ምሰሶ የቆመው የቅቤ ሻጮች ዳስ፣ የድሮ ሱፍ ነጋዴዎች በትርፋቸው ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ገበያው፤ በጉ፣ አይቡ፣ ጭቃው። "ሰዉ ቁጥብ ነው፤ ካናገረሽ ወይ ዘመድሽ ነው ወይ ሊሸጥልሽ ነው" እያሉ በገዛ አገራቸው ሰው ይስቃሉ። እዚያ የቀረቻቸው አንዲት ታናሽ እህት ነበረች።

አንድ ሰኞ አሮጊቷ እንዳንቀላፉ ስልክ አነሳሁ። የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ዐርፋለች፤ ቀብሩ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው፣ በካልጋሪ ጠዋት ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። "እባክሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው" አለችኝ።

እኛ ሐበሾች ዘንድ መርዶ እንዲህ ተዘርግፎ አይነገርም። ማታ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የምናከብራቸውን ኤርትራዊ ሽማግሌ አማከርኳቸው።

"ብቻቸውን ላሉ ሴት? በፍጹም! ቅዳሜ ሁላችንም ኦፍ ነን፤ ሰብሰብ ብለን በጠዋት እንነግራቸዋለን።"

"ጋሼ፣ አሁኑኑ ንገሪያቸው ብላኛለች እኮ።"

"ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች።"

እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ሸክሙ ከላዬ ወረደ።

ሐሙስ ጠዋት፣ በዚያው በቀብሩ ሰዓት ቁርስ እያቀረብኩላቸው፣ እህታቸው በልጅነቷ የሰው በግ እየጎተተች ቤተ ክርስቲያን ማስገባቷን አወሩልኝ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ እንዴት እንደሳቅኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ሆነን ሳሎናቸውን ሞላነው። ሽማግሌው መርዶውን ቀስ ብለው በእንግሊዝኛ አረዷቸው፤ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። አሮጊቷ አላለቀሱም። ወደ እኔ ዞሩ።

"ቀብሩ መቼ ነው?"

"ሐሙስ... ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር።"

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "እኛ አገር" አሉ፣ "አስከሬን በገበያው መሀል ሲያልፍ ሻጩም ገዢውም ሥራውን አቁሞ ጸጥ ይላል። ሰዓቱን ባውቅ እኔም እዚሁ ጸጥ ብዬ እሸኛት ነበር። እኔ እየሳቅኩባት ነበር።"

ከዚያ ሰባታችንንም በየተራ በእጃቸው ጨብጠው አመሰገኑን። ሽማግሌው መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ "አጠፋን ልጄ" አሉኝ።

ሰኞ ሻዩን አቅርቤ፣ "ዛሬ በየት በኩል እንሂድ?" ስል ጠየቅኳቸው። እጄን ያዙ። "ዛሬ አንቺ ያደግሽበትን ሰፈር ንገሪኝ" አሉ። ነገርኳቸው። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ እስኪያርፉ ድረስ እኔው ነኝ የነገርኳቸው፤ እሳቸው ያንን ድልድይ ዳግመኛ አላሻገሩኝም።