በእኛ አቆጣጠር

ይህን ጉድ እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስሁም። ደብረ ታቦር፣ በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ተቀጥሬ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የተማሪዎች መረጃ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ በአዲስ ትንሽ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ እንድጭን ታዘዝሁ። ካቃተኝ መሰናበቴ ነው።

አልጫን አለ። ከኢንተርኔት የማወርድለትን ሁሉ «ጊዜው ገና ነው» እያለ ይመልሰዋል። የጉና ብርድ በመስኮት እየገባ እኔን ያልበኛል።

በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ጋሽ አየነው ከባሕር ዳር ባለሙያ አስጠሩ። ሰውየው ስክሪኑን እንዳየ ሳቀ።

«የሰርቨሩን ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር የሞላው ማነው? ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ እኮ ነው፣ የዘንድሮው ፕሮግራም ገና አልተሠራም ብሎ እምቢ ያለው!»

የሞላሁት እኔ ነበርሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አየነው።

«እርስዎን ደግሞ ኮምፒውተር ምን አስነካዎ?» አላቸው ባለሙያው።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቢሮው ሁሉ «ጋሽ ስምንት ዓመት» እያለ ቀለደባቸው፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ዕለት ግን ሰውየው እንደወጣ ቀስ ብዬ «ምነው ጋሼ፣ ስለ እኔ ብለው?» አልኋቸው።

«ቀኑን ስትሞዪ ከኋላሽ ቆሜ ነበር» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። «ይች ልጅ ጎበዝ ናት ብዬ የቋሚ ቅጥርሽን ወረቀት የፈረምሁት ያኔውኑ ነው።»