የሃያ ሦስት ሰዓት መብራት

ሴትዮዋ እስስት አትወድም። አትወድም ማለት እንኳ ነገሩን ማለስለስ ነው፤ እሱ ባለበት ክፍል እህል አትቀምስም። አንዱ ዓይኑ ኮርኒሱን ሲያይ ሌላው እሷ ላይ ያፈጣል፤ ይሄ የጤና ነው አትልም። አንድ እርምጃ ለመራመድ እንደ ሰካራም ሦስት ጊዜ ይወዛወዛል። ቆዳው ሲላጥ ያን ነጭ ቅርፊት ግንባሩ ላይ አንጠልጥሎ ይውላል። ምላሱንስ ተዉት፤ ምሳውን የበላ ሰው ፊት አይነሳም።

"ሰው ድመት አጥቶ ይሄን ያሳድጋል?" እያለች ከልጇ ጋር ስንት ጊዜ ተነታርካለች።

ልጇ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለች። ልጅ ስንል ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ የሕንፃ ቢሮ ውስጥ ንድፍ ትሠራለች። ባል የለ፣ ወንድም እህት የለ፣ እናትና ልጅ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተፋጠው ይኖራሉ። እስስቱን ከአንድ የሥራ ባልደረባዋ ተቀብላ፣ በወንፊት ሽቦ የተሠራ ረጅም ሳጥን አበጀችለት፤ ቅርንጫፍና ቅጠል ሞላችበት፤ ከላይ ሁለት መብራት ሰቀለችለት። አንዱ ክብ አምፖል ነው፤ እንስሳው ከሥሩ ወጥቶ ይሞቃል። ሌላው ረጅም ነጭ ቱቦ ነው፤ የፀሐይን ጨረር ይተካል፤ እሱ ከሌለ አጥንቱ ይልማል አሉ። ሁለቱም ጠዋት አንድ ሰዓት ይበራሉ፤ ማታ አንድ ሰዓት ይጠፋሉ።

ታዲያ ልጅቱ ከቢሮው ደረጃ ተንሸራታ ጭኗ ተሰበረና ሐኪም ቤት ተኛች። ሦስት ሳምንት አትነቃነቂም ተባለች። እግሯ በገመድ ተሰቅሎ፣ ፊቷ በሕመም ተኮማትሮ፣ እሷ የምታስበው ስለዚያ ጉድ ነው።

"እማዬ፣ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለቱንም ታጠፊያለሽ። ቤቱ ቢቀዘቅዝም አትደንግጪ፤ ሌሊት ቀዝቀዝ ይበልለት። ጭል የምትል መብራት እንኳ እንዳትኖር።"

"እሺ።"

"ማይልኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ! መብራትና ሙቀት ለእኔ ነው የምታስተምሪኝ?"

እውነቷን ነው፤ መብራትና ሙቀት እንጀራዋ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ዶሮ እርባታ ውስጥ የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብላ ታሳድጋለች። ሠራተኛው ሁሉ የሚጠራት "ቴርሞሜትር" ብሎ ነው። መዳፏን ገልብጣ ከጫጩቶቹ ሥር የተነጠፈውን ሰጋቱራ ነካ ታደርግና "ሠላሳ ሦስት" ትላለች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መለኪያ ሲታይ ሠላሳ ሦስት ነው። በዚህ ትኮራለች፤ ለምን አትኮራም?

የመጀመሪያው ማታ እንደታዘዘችው አጠፋችው። ትንሽ ቆይታ ባትሪ ይዛ ስታይ እስስቱ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ገርጥቷል፤ ጅራቱን ጠቅልሎ፣ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ፣ ዓይኑን ከድኗል። የተከደነ የእስስት ዓይን የበሰለ ኪንታሮት ነው የሚመስለው። አንገፈገፋት፤ ግን ደግሞ ደነገጠች። ጫጩት እንዲህ ሲገረጣና ሲኮማተር ምን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ብርድ ነው! ልጄ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ሬሳ ልታገኝ ነው አለች። ሁለቱንም መብራት መልሳ አበራች። በማግስቱ ከእርባታው አንድ ቀይ የጫጩት ማሞቂያ አምፖል ተውሳ አምጥታ ሦስተኛ አድርጋ ሰቀለችለት። ከዚያ በኋላ የዚያ ሳጥን መብራት ለአንዲት ሰዓት እንኳ ጠፍቶ አያውቅም።

ልጅቱ ማታ ማታ ትደውላለች።

"እማዬ፣ አጠፋሽ?"

"አጠፋሁ።"

ለዚያ አስቀያሚ ፍጥረት ስትል ከገዛ ልጇ ጋር ውሸት ጀመረች። ውሸቱም አስጠላት፤ ጥፋቱን ግን በእስስቱ አላከከች።

አምስተኛው ቀን ላይ መብላት አቆመ። ጉድ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ፌንጣ ካረፈበት ቦታ እግሯን የማታሳርፍ ሴት፣ አፏን በሻሽ አስራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ በወረንጦ የተያዘ ፌንጣ አፉ ላይ ታስጠጋለታለች። ፌንጣው ይንፈራገጣል፣ እሷ ታማትባለች፣ እሱ ዓይኑን እንኳ አይገልጥም። ቀን ቀን ያንቀላፋል፤ ማታ ማታ ያፈጣል። ቆዳው ጠቁሮ የተቃጠለ ድስት መሰለ። አሁንም በረደው ብላ ቀዩን አምፖል ዝቅ አደረገችለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ከቅርንጫፉ ወድቆ ወለሉ ላይ ተዘርሮ አገኘችው። የሚተነፍሰው በጭንቅ ነው።

ሁለት ጓንት ደራርባ አነሳችው። ለስላሳ ሆዱ በጓንቱ ውስጥ ሲነካት ልትጥለው ምንም አልቀራትም። ጫማ ካርቶን ውስጥ ከትታ ይዛው ወደ ሥራ ሄደችና፣ እርባታውን ከእሷ እኩል ላገለገለው የእንስሳት ሐኪም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

"እኔ የዶሮ ሐኪም ነኝ እኮ" አላት ክዳኑን ከፈት አድርጎ።

"እንስሳ አይደል? እየው እንጂ ዶክተር! የልጄ ነው፤ ከሞተ እኔንም ቅበሩኝ።"

ሐኪሙ አገላብጦ አየው፤ ቆዳውን ቆነጠጥ አደረገው።

"መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት ይበራል?"

"እዚህ እንደምናበራው ነዋ። እንደውም አስበልጬለታለሁ።"

ቀና ብሎ አያት። "እዚህ ሃያ ሦስት ሰዓት የምናበራው ለምንድን ነው?"

"ሳይተኙ እንዲበሉ።"

"በልተውስ?"

"እንዲወፍሩ። በአርባ ሁለተኛው ቀን እንዲወጡ።" እርባታው ውስጥ መውጣት ማለት ወደ ቄራ መሄድ ነው፤ መታረድ የሚለውን ቃል ማንም አይጠራም።

"ይሄኛውስ በስንተኛው ቀን ነው የሚወጣው?"

ቴርሞሜትር ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አለች።

"ሲተኛ ይገረጣል፤ ተፈጥሮው ነው። በርዶት አልነበረም፣ ተኝቶ ነበር" አላት ሐኪሙ፤ ቁጣ የለውም፣ ግን አላባበላትም። "አሥራ ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳሽው። የገላውንም ውሃ አደረቅሽው። ቀዩን አምፖል አውጪው፤ ውሃ በጠብታ አጠጪው፤ ማታ ጨለማ ስጪው። ከተረፈ እድሉ ነው።"

ከሰዓት በኋላ ወደ ጫጩቶቿ ቤት ገባች። አራት ሺህ ናቸው። ሌላ ቀን "ደስ ሲሉ!" ብላ ነበር የምትገባው። ዛሬ በሩን ስትከፍት የኩሱ ሽታ ተቀበላት። እግራቸው ገላቸውን መሸከም አቅቶት በደረታቸው ተዘርረው መኖ ይለቅማሉ፤ ከነጩ መብራት ሥር የተከደነ ዓይን አንድም የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይሄን ሳታይ ኖራ ነው? አይታዋለች። ስታየው ግን አስጠልቷት አያውቅም ነበር። ወደ ውጭ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አስመለሳት።

ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤቷ ውስጥ የሳጥኑን መብራት ሁሉ አጠፋች። ትንሽ ቆይታ በባትሪ ስታየው እስስቱ ከቅርንጫፉ ሥር ገርጥቷል፤ ያ የኪንታሮት ዓይን ተከድኗል። አሁንም አስቀያሚ ነው፤ እግዜር ይወቀው እንጂ እሷ ቆንጆ ነው አትልም። ጨለማው ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስልኩ ጠራ።

"እማዬ፣ አጠፋሽ?"

"ዛሬ አጠፋሁ።"

"ዛሬ?"

ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ቀዩን አምፖል፣ ውሸቱን፣ ካርቶኑን። ልጅቱ ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች። ልጅቱ አልጮኸችም።

"አሁን ተኝቷል?"

"ተኝቷል። ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም።" ሳትጠየቅ ቀጠለች። "ብርድ መስሎኝ እኮ ነው ልጄ! አንቺንስ ያሳደግኩሽ እንዲያ አይደል? የሚይዝልኝ ሰው ሳይኖር፣ ጫጩቶቹ ቤት ጥግ ላይ ካርቶን ውስጥ አስተኝቼ፣ አራት ዓመት እስኪሞላሽ። ከዚያ መብራት ሥር አንድ ቀን ብርድ አላስነካሁሽም!"

"አላስነካሽኝም እማዬ" አለች ልጅቱ። "እንቅልፍም አላስነካሽኝም።"

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው።